የሞዘል ሪስሊንግን ቀስ ብሎ መቅመስ

በምዕራብ ጀርመን የሞዘል ወንዝ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ዳርና ዳሩ ገደል ነው። ብሬም ከተባለችው መንደር አጠገብ ያለው የካልሞንት የወይን ማሳ እስከ 65 ዲግሪ ያጋድላል፤ ስለዚህ ሰው እየቧጠጠ ወጥቶ ዘለላውን በእጁ ይቆርጣል። ይህ ሁሉ ልፋት ሪስሊንግ ለተባለው ነጭ ወይን ነው። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1435 በሩሰልስሃይም በተጻፈ ሰነድ ላይ ይገኛል። በ1787 ደግሞ የትሪር ገዥ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንሴስላውስ ደካማ ዝርያዎች ተነቅለው በተሻሉ እንዲተኩ አዘዙ፤ ሞዘልም የሪስሊንግ አገር ወደ መሆን አመራ።

ገበሬው ገደሉን የመረጠው ወዶ አይደለም። አካባቢው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነ ብርዳም ነው፤ ፀሐይም ዝቅ ብላ ታልፋለች። ወደ ደቡብ የዞረ ቁልቁለት ጨረሯን ፊት ለፊት ይቀበላል። መሬቱን የሸፈነው ጠፍጣፋ፣ እየተላጠ የሚወጣ ድንጋይም ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ለወይኑ ይመልሳል። እንዲያም ሆኖ ፍሬው የሚበስለው በዝግታ ነው። በሞቃት አገር የወይን ስኳር ቶሎ ይሞላና ኮምጣጣነቱ ይሸሻል። እዚህ ግን ሁለቱ አብረው ይቆያሉ፤ የሪስሊንግ ምሥጢር ይኸው ነው።

ሲጠጣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ይመረጣል። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ከተቀዳ ብርዱ ሽታውን ያፍነዋል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። ባለ እግር ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ ቅዱና ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። አፍንጫችሁን ስታስጠጉ መጀመሪያ ሎሚና አረንጓዴ ፖም፣ ቆየት ሲል ኮክ፣ ከዚያ ዝናብ የመታው ድንጋይ የመሰለ ጠረን ይመጣል። ዓመታት ያስቆጠረው ደግሞ ላምባ ላምባ ይላል። ተበላሽቷል ብለው የሚደፉት አሉ፤ ያሳዝናል። ሽታው ወይኑ ሲያረጅ ከራሱ የሚወጣ ነው፤ ብዙ ወዳጆቹም የሚወዱለት እሱን ነው።

አሁን ጎንጨት አድርጉ፤ ቶሎ አትዋጡት፣ ምላሳችሁ ላይ አንከባልሉት። ጣፋጩ ቀድሞ ይመጣል። ሊሰለች ሲል ጎምዛዛው ከምላስ ጎንና ጎን ተነሥቶ ያጥበዋል፤ አፍ ምራቅ ይሞላል። ጠጅ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ የማሩን ጣፋጭነት ጌሾው በምሬቱ እንደሚገታው ሁሉ፣ እዚህ የሚገታው ኮምጣጣው ነው።

የሚጣፍጥና የማይጣፍጥ ሪስሊንግ ስላለ ስትገዙ ጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠኑን አንብቡ። 8 በመቶ ገደማ ከሆነ ሳይብላላ የቀረ ስኳር አለው፤ 12 ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ነው። ደረቁን ጀርመኖቹ ትሮከን ይሉታል። እኔ ለዶሮ ወጥ የምመርጠው ባለ 8ቱን ነው። ብርቱ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሳል፤ ትንሽ ጣፋጭነት ግን ያበርደዋል። ፍራንክፈርት ለምትኖሩ ወገኖቻችን ሞዘል ሩቅ አይደለም፤ ለበዓል አንድ ጠርሙስ አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

ከጠርሙሱ ሥር እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ፍርፋሪ ብታዩ አትደንግጡ። ስብርባሪ ጠርሙስ አይደለም፤ ከወይኑ አሲድ በብርድ የረጋ ጨው ነው፣ ጉዳትም የለውም።