የካርተሮች ኑዛዜ፣ መሬትና የሰው ስም

ሮበርት ካርተር ኦገስት 4 ቀን 1732 ሲሞት፣ በቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ውስጥ በመሬት ብዛት የሚስተካከለው አልነበረም። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ይታተም የነበረ አንድ መጽሔት የሞቱን ዜና ሲያወጣ፣ 300,000 ኤከር ያህል መሬት፣ 1,000 ያህል ጥቁሮችና 10,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ትቶ አልፏል ብሎ ጻፈ። መሬቱ ብቻውን በእኛ ልኬት 3,000 ጋሻ ገደማ ነው። በትምባሆ፣ በመሬትና በሰው ንግድ የከበረውን ይህን ሰው የአገሩ ሰዎች «ንጉሥ ካርተር» ይሉት ነበር።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ ከየት ተነሣ? ሀብቱን ለማን አወረሰ? በሀብቱ ዝርዝር ውስጥ ከከብትና ከበርሜል ጋር የተቆጠሩት ሰዎችስ እነማን ነበሩ? መልሱ የሚገኘው በኑዛዜና በመሬት መዝገብ ውስጥ ነው። እስከ 1975 በነበረው የአገራችን የርስት ሥርዓት ባለጉዳይ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ትውልድ ቆጥሮ መሬቱን ይጠይቅ ነበር። ቨርጂኒያ ላይ መንገዱ ይገለበጣል፤ መሬቱን ተከትሎ ትውልዱን ማግኘት ይቻላል።

ከኑዛዜ እንጀምር፤ ምክንያቱም ዝምድናን በቀጥታ የሚናገር ከኑዛዜ የተሻለ ወረቀት የለም። የሮበርት አባት ጆን ካርተር በ1635 ገደማ ከእንግሊዝ መጥቶ በራፓሃኖክ ወንዝ ዳር፣ ኮሮቶማን በተባለ ቦታ ሰፈረ። አምስት ጊዜ አግብቶ በ1669 ሲሞት ሮበርት ገና የስድስት ዓመት ያህል ልጅ ነበር። አባትየው በኑዛዜው ለዚህ ልጅ የላቲን ትምህርት የቀመሰ አገልጋይ እንዲገዛለት አዘዘ፤ ያ ሰው ልጁን መጽሐፍ እያስነበበ ከክፉ ነገርም እንዲጠብቀው ነው። ከዚህ አንድ አንቀጽ ብዙ እንማራለን። ልጁ ለአካለ መጠን አልደረሰም። አባቱ የራሱን ሀብት የሚያስተዳድር ሰው ሊያደርገው ይፈልጋል። የተማረ ነጭ አገልጋይም በዚያ ዘመን በገንዘብ የሚገዛ የጉልበት ውል ነበረው።

ጀማሪ ተመራማሪ እዚህ ላይ ቶሎ ይሳሳታል። በኑዛዜው ስሙ ያልተጠቀሰ ልጅ ሁሉ የሞተ ወይም የተካደ ይመስለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሴት ልጅ ስታገባ ድርሻዋን ወስዳ ሊሆን ይችላል። የበኩር ልጅ ደግሞ ኑዛዜ ባይኖርም እንኳ መሬቱን በሕግ ይወርስ ስለነበር አባቱ ስሙን ማንሣት ላያስፈልገው ይችላል። ይህ የበኩር ውርስ ሕግ ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 1785 ቆይቷል። መሬት ከአንድ የዘር ሐረግ እንዳይወጣ የሚያስረው ሌላው ሕግ የተሻረው በ1776 ነው። ስለዚህ ከእነዚያ ዓመታት በፊት ታናናሽ ወንዶች ልጆችን የሚገልጥልን አብዛኛውን ጊዜ ኑዛዜ ብቻ ነው። ያለ ኑዛዜ የሞተ አባት ታናናሽ ልጆቹን ከመሬት መዝገቡ ጋር የሚያያይዝልን ወረቀት ሳይተው ይሄዳል።

የንጉሥ ካርተር ኑዛዜ ረጅም ነው፤ ተጨማሪ ቃልም በየጊዜው ታክሎበታል። ተጨማሪዎቹን አለማለፍ ነው፤ በቤተሰቡ ውስጥ የተለወጠው ነገር የሚታየው እዚያ ነው። ስሙን የያዘው ልጁ ሮበርት ከአባቱ ጥቂት ወራት ቀድሞ በ1732 ሞተና ኖሚኒ የተባለው ርስት ለሕፃኑ የልጅ ልጅ ተላለፈ። ይህን ሕፃን አስታውሱት፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከሴት ልጁ ከኤልሳቤጥ ለተወለደው ለካርተር በርዌል የታሰበው መሬት ደግሞ ለዘለዓለም «ካርተርስ ግሮቭ» ተብሎ እንዲጠራ አዘዘ። የሴት ልጅ ልጆች የአባታቸውን ስም ይዘው ስለሚሄዱ የካርተር ስም ቢያንስ በመሬቱ ላይ እንዲቀር መፈለጉ ነው። ተሳክቶለታልም፤ በዊሊያምስበርግ አጠገብ የሚገኘው ያ ቤት እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ሌላዋ ልጁ አን፣ ከሃሪሰን ቤተሰብ አግብታ ከዘሯ ሁለት የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ወጡ። የሴቶቹን መስመር የተወ ተመራማሪ ግማሹን ቤተሰብ ተወ ማለት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንለፍ። በ17ኛው መቶ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ መሬት የሚገኝበት ዋናው መንገድ ሰው ማምጣት ነበር። አንድ ሰው ባሕር ለሚያሻግር 50 ኤከር ይሰጠው ነበር። ጆን ካርተር በ1665 ለ80 ሰዎች 4,000 ኤከር ወሰደ፤ ከ80ዎቹ መካከል አፍሪካውያን ነበሩ። ሒሳቡን አስቡት፤ በሰንሰለት ታስሮ የመጣው ሰው ራሱ ለገዢው ሌላ 50 ኤከር ይጨምርለታል። እነዚህ የመሬት ስጦታ መዝገቦች ሪችመንድ በሚገኘው የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ ምስላቸውም በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይታያል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ባለመብቱ የሰው ዝርዝሩን ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችል ስለነበር፣ በዝርዝሩ ያለ ሰው በተጻፈበት ዓመት መጣ ብሎ መደምደም አይቻልም።

በፖቶማክና በራፓሃኖክ ወንዞች መካከል ያለው አገር ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበረው። ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በ1649፣ በስደት ላይ ሳለ፣ ይህን ከ5 ሚሊዮን ኤከር የሚበልጥ ምድር ለሰባት ደጋፊዎቹ ሰጠ። በኋላ በውርስ ወደ ፌርፋክስ ቤተሰብ ገባ። ጌቶቹ እንግሊዝ ተቀምጠው መሬቱን በእንደራሴ ያከፋፍሉ ነበር፤ ከ1702 እስከ 1711፣ ኋላም ከ1722 እስከ ሞቱ ድረስ ያ እንደራሴ ማን ነበር? ሮበርት ካርተር። የሰፋፊዎቹን ቦታዎች ስጦታ ደብዳቤ ለራሱ ልጆች፣ ለአማቾቹና ለልጅ ልጆቹ ጻፈ። እኔ ይህን የቤተሰቡ ታሪክ ዋና ቁልፍ አድርጌ አየዋለሁ። ተመራማሪ የአንድ ካርተር ስም በመሬት መዝገብ ላይ ሲያይ ባለመሬቱ አድጎ የቆመ ገበሬ ይመስለዋል፤ በዚያ ዓመት ግን ልጁ ገና እያደገ ሊሆን ይችላል።

ይህ ምድር ለብዙ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስና በአካባቢው ቤት የገዛ ወገናችን የይዞታውን ሰንሰለት ወደ ኋላ ቢጎትት ብዙ ጊዜ እዚያው የፌርፋክስ ጌቶች ስጦታ ላይ ይደርሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሚያርፍበት ከደለስ ኤርፖርት ብዙም ሳይርቅ፣ ፍራይንግ ፓን በተባለው ቦታ፣ ካርተርና ልጆቹ በ1720ዎቹ መጨረሻ መዳብ ለማውጣት ኩባንያ አቁመው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። የዚህን አካባቢ ወረቀት ለሚፈልግ ሰው ግን የካውንቲዎቹን ትውልድ ማወቅ ግድ ነው። ፌርፋክስ በ1742 ከፕሪንስ ዊሊያም ተቆረሰ፤ ፕሪንስ ዊሊያም በ1731 ከስታፎርድና ከኪንግ ጆርጅ፤ ስታፎርድ ደግሞ በ1664 ከዌስትሞርላንድ። መሬቱ ካለበት ሳይንቀሳቀስ መዝገቡ ከአንዱ ፍርድ ቤት ወደ ሌላው ይሄዳል።

የሽያጭ ውል ሲያነቡ ሁለት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ በዘመኑ አንድ ሽያጭ በተከታታይ ሁለት ቀናት በሁለት ሰነድ ይፈጸም ነበር። በመጀመሪያው ቀን መሬቱ በአምስት ሽልንግ ይከራያል፤ በማግሥቱ በእውነተኛው ዋጋ ይለቀቃል። የመጀመሪያውን ብቻ ያነበበ ሰው ሰፊ ርስት በአምስት ሽልንግ ተሸጠ ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛ፣ መበለት ከባሏ መሬት ሲሶውን እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ የመያዝ መብት ስለነበራት፣ ባል ሲሸጥ ዳኞች ሚስትን ለብቻዋ ጠርተው «ወደሽ ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። የብዙ ሴቶች ስም የተረፈልን በዚህች አጭር ጥያቄ ምክንያት ነው።

ወሰኑም በዛፍ ይነገራል፦ ምልክት ካለበት ነጭ ኦክ ተነሥቶ በዚህ አቅጣጫ ይህን ያህል፣ ከዚያ እስከ ወንዙ አፍ፣ እያለ ይቀጥላል። ልኬቱ «ፖል» ነው፤ አንዱ 5 ሜትር ያህል ይሆናል። ዛፎቹ ቢወድቁም በወሰኑ ላይ የተጠሩት የጎረቤቶች ስም ይቀራል፤ ጎረቤት ደግሞ በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ አማች ወይም የአጎት ልጅ ነው። ወሰኑን በወረቀት ላይ በማስመሪያና በፕሮትራክተር መሳል አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ሁለት አጎራባች ይዞታዎች ጎን ለጎን ሲገጥሙ ግን ያልተጻፈ ዝምድና ብቅ ይላል።

ባዶ መዝገብ ማስረጃ አይደለም። የ1704 የመሬት ግብር ዝርዝር ዝነኛ ነው፤ ሆኖም በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለውን አገር አይጨምርም፤ ግብሩ የሚገባው ለንጉሡ ሳይሆን ለጌቶቹ ነበርና። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን አንዳንድ ካውንቲዎች መዝገባቸውን ለደኅንነት ወደ ሪችመንድ ልከው፣ ከተማዋ በኤፕሪል 1865 ስትቃጠል አብሮ ነደደ። የካርተሮች ላንካስተር ካውንቲ ከዚህ እሳት ተርፏል፤ የፍርድ ቤት መዝገቡ ከ1650ዎቹ ጀምሮ አለ።

በዚያ መዝገብ ውስጥ ማርች 10 ቀን 1707 ተብሎ የተጻፈ ትእዛዝ አለ። ሁለት አቆጣጠር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ነገሩ አይከብድም፤ በእንግሊዝ ግዛቶች እስከ 1752 አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ስለነበር፣ ያ ቀን በዛሬው ቁጥር 1708 ነው። ሮበርት ካርተር ፍርድ ቤት ቀርቦ ባምባራ ሃሪና ዳይና የተባሉ ሁለት በባርነት የያዛቸውን ሰዎች ከሰሰ። ፍርድ ቤቱም የእግር ጣቶቻቸውን እንዲቆርጥ ፈቀደለት። ጸሐፊው ይህን የጻፈው የጌታውን መብት ለማስከበር ነው። እኛ ግን ከዚሁ መስመር ባምባራ የሚል ስም እናነባለን፤ ያ የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ስም ነው። ሃሪ ከየት እንደመጣ የተረፈው ፍንጭ ጭካኔው በተመዘገበበት ገጽ ላይ ነው። ይህን ገጽ ዘልሎ የካርተርን ሕንጻና ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚተርክ ታሪክ ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ1705 የወጣው የቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ለውርስ ጉዳይ እንደ መሬት ቆጠራቸው፤ ከመሬቱ ጋር ይወረሱ ነበር። ስለዚህ የመሬቱ ሰነድ የእነሱም ሰነድ ሆነ። ንጉሥ ካርተር ሲሞት የተሠራው የንብረት ቆጠራ ከ700 በላይ ሰዎችን በስም ይዟል። በየእርሻው ተከፍለው፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ሕፃናቱ ከነዕድሜያቸው ተጽፈዋል። ቆጣሪዎቹ የፈለጉት የንብረቱን ልክ ማወቅ ነበር፤ እኛ ዛሬ የምናየው ግን የቤተሰብ መዝገብ ነው። በ1662 ሕግ መሠረት ልጅ የእናቱን ሁኔታ ስለሚወርስ፣ እዚህ ትውልድ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው።

አሁን ወደዚያ ሕፃን እንመለስ። የኖሚኒ ወራሽ ሮበርት ካርተር ሦስተኛ አድጎ ከ65,000 ኤከር በላይ መሬትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጌታ ሆነ። እርሻዎቹን አሪየስ፣ ሊዮ፣ ሊብራ እያለ በኮከቦች ስም ሰየመ። በ1778 ወደ ባፕቲስት እምነት ገባ፤ ፍራይንግ ፓን ላይም ለጸሎት ቤት መሬት ሰጠ። ቨርጂኒያ በ1782 ባለቤቶች በወረቀት ነፃ ማውጣት እንዲችሉ ፈቅዳ ነበር። እሱም በኦገስት 1791 የስጦታ ሰነድ አዘጋጅቶ በኖርዘምበርላንድ ለተቀመጠው የአውራጃ ፍርድ ቤት አቀረበ። በዝርዝሩ 452 ሰዎች በስም፣ በዕድሜና በእርሻ ተጻፉ፤ ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ከ500 አለፈ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አንድ ባለቤት ነፃ ያወጣው ይህን ያህል ሰው በአሜሪካ አይታወቅም። ወራሾቹና ጎረቤቶቹ አልወደዱለትም፤ እሱ ግን ወደ ባልቲሞር ሄዶ በ1804 እስኪሞት ድረስ ከሐሳቡ አልተመለሰም።

ሰነዱን ለምርምር ጠቃሚ ያደረገው አፈጻጸሙ ነው። አዋቂዎች ከ1792 ጀምሮ በዓመት 15 እየሆኑ በዕድሜ ቅደም ተከተል ነፃ ይወጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ወንዱ 21፣ ሴቷ 18 ሲሞላቸው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ሰው ዓመት ማስላት ይቻላል። በ1791 ሁለት ዓመቷ ተብላ የተጻፈች ሕፃን የምትወጣው በ1807 ነው። የነፃነት ወረቀቷን በዚያ ዓመት አካባቢ መፈለግ፤ ቀጥሎ በ1793ና ከዚያ በኋላ በወጡ ሕጎች ነፃ ጥቁሮች ይመዘገቡበት የነበረውን የፍርድ ቤት ደብተር መክፈት ነው፤ እዚያ ቁመትና የሰውነት ጠባሳ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ወደ 1850 የሕዝብ ቆጠራ መሻገር ይቻላል፤ ነፃ ሰዎች ሁሉ በየስማቸው የተቆጠሩት በዚያ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በ1850 በሕይወት ካለች 61 ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ አጠገቧ የተጻፉት ወጣቶች የልጅ ልጆቿ ሊሆኑ ይችላሉ።