ጴጥሮስ በሮም፦ ማስረጃው ምን ያህል ይሸከማል?



ሐዋርያው ጴጥሮስ ሮም ገብቶ ነበርን? ይህ ጥያቄ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚሰጠው ማስረጃው ከመታየቱ በፊት ነው። አንዱ ወገን የሮሙ ጳጳስ ሥልጣን እንዳይነካበት «አዎን» ለማለት ይቸኩላል። ሌላው ወገን ያንኑ ሥልጣን ከሥሩ ለመንቀል ሲል «ሮምን በዓይኑ አላያትም» እስከ ማለት ይደርሳል። በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ላይም የማየው ይህንኑ ነው፤ የጸሐፊው ቤተ እምነት ከታወቀ መደምደሚያው ከመነሻው ይታወቃል። ችግሩ የሚመነጨው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። ጴጥሮስ የት ሞተ? ብሎ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። በዚያ ስንት ዓመት አገለገለ? ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ከአገልግሎቱ ለተተኪዎቹ ምን ሥልጣን ይተላለፋል? የሚለው ግን የነገረ መለኮት እንጂ የታሪክ ጥያቄ አይደለም። እኔ ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ እይዛለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከቅዱሳት መጻሕፍት እንነሣ። የሐዋርያት ሥራ ጴጥሮስን ከኢየሩሳሌም ወደ ሰማርያ፣ ወደ ልዳ፣ ወደ ኢዮጴና ወደ ቂሣርያ ይከተለዋል። በምዕራፍ 12 ከሄሮድስ አግሪጳ ወኅኒ ካመለጠ በኋላ ከከተማዋ ወጥቶ ስሙ ወዳልተጠቀሰ ስፍራ መሄዱን ይነግረናል። አግሪጳ የሞተው በ44 ስለሆነ፣ ያልተሰየመው ስፍራ ሮም ናት የሚሉ ጸሐፊዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ነገር ግን ጸሐፊው ባዶ የተወውን ቦታ እያንዳንዱ አንባቢ በፈለገው ከተማ ሊሞላው ይችላል፤ አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ፍንጭ በጥቅሱ ውስጥ የለም። ያው መጽሐፍ በምዕራፍ 15 ጴጥሮስን በኢየሩሳሌም ጉባኤ ላይ ያሳየናል፤ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 2 ደግሞ አንጾኪያ ውስጥ ከጳውሎስ ጋር ተጋጭቶ እናገኘዋለን።

ቀጥሎ ዝምታን እንዴት እንመዝን? የሚለው ይመጣል። ጳውሎስ በ57 አካባቢ ለሮም ሰዎች በጻፈው መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ከ20 በላይ ሰዎችን በስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ ጴጥሮስ ግን ከመካከላቸው የለም። ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው ተናጋሪው ነገሩን ቢያውቅ ሊናገረው ግድ በሚሆንበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ እንዲህ ያለ ነው። የሐዋርያት አለቃ የሚባለው ሰው በከተማው ተቀምጦ ሳለ ጳውሎስ ስሙን ዘልሎ ሌሎቹን አንድ በአንድ ሰላም ይላል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በምዕራፍ 15 ደግሞ ሌላው በጣለው መሠረት ላይ ላለመሥራት እንደሚጠነቀቅ ገልጿል። ስለዚህ በ57 ጴጥሮስ በሮም አልነበረም ማለት ተገቢ ነው። ከዚህ አልፎ «ከቶ አልገባም» የሚል ግን ከዝምታው በላይ ተናግሯል፤ የ57 ደብዳቤ ስለ 63 ወይም ስለ 64 ምስክር ሊሆን አይችልም። የሐዋርያት ሥራም ጳውሎስ በሮም በቁም እስር የቆየበትን ሁለት ዓመት ጠቅሶ ያበቃል፤ የጳውሎስን ፍጻሜ እንኳ ያልነገረን መጽሐፍ የጴጥሮስን አልነገረንም ብለን ልንደነቅ አይገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንምጣ። የጴጥሮስ የመጀመሪያዪቱ መልእክት በመዝጊያዋ ላይ ሰላምታ የምታስተላልፈው «ከባቢሎን» ነው። ይህች ባቢሎን የትኛዋ ናት? በኤፍራጥስ ዳር የነበረችው ጥንታዊት ከተማ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን እጅግ የተመናመነች ነበረች፤ የመልክዓ ምድር ጸሐፊው ስትራቦን አብዛኛዋ ምድረ በዳ መሆኗን መዝግቧል። ጴጥሮስ ወደ መስጴጦምያ መሄዱን የሚናገር ጥንታዊ ትውፊትም አላገኘንም። በግብፅ፣ ዛሬ አሮጌው ካይሮ በሚባለው ስፍራ፣ ባቢሎን የተባለ የሮማውያን ወታደራዊ ሰፈር ነበር፤ ይሁን እንጂ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ራሷ መሥራቼ የምትለው ማርቆስን እንጂ ጴጥሮስን አይደለም። የቀረችው ሮም ናት። ዮሐንስ በራእዩ ምዕራፍ 17 በሰባት ተራሮች ላይ የተቀመጠችውን ከተማ ባቢሎን ይላታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት መካከል የሚቆጠረው ዕዝራ ሱቱኤልም ኢየሩሳሌምን ስላፈረሰችው ሮም የሚያለቅሰው ስለ ባቢሎን በመናገር ነው። ምሁራን በብዛት ጠፍቷል ብለው የሚያዝኑለት የአይሁድ ሥነ ጽሑፍ በግእዝ ተጠብቆ እኛ ዘንድ ሲገኝ፣ ይህን ንጽጽር ከውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ መማራችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለባቢሎን ትርጉም ግን የሚከፈል ዋጋ አለ። ሮምን ባቢሎን ማለት የተለመደው ቤተ መቅደሱ በ70 ከፈረሰ በኋላ ነው፤ ጴጥሮስ ደግሞ በኔሮን ዘመን፣ ማለትም ከ68 በፊት፣ እንደ ሞተ ይታመናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች መልእክቷን የጻፈው በስሙ የተናገረ ደቀ መዝሙር ነው ይላሉ። እንዲህ ቢሆንም እንኳ ለጥያቄያችን ያላት ዋጋ አይጠፋም። ጸሐፊው ማንም ይሁን፣ በትንሿ እስያ ያሉ አንባቢዎቹ ጴጥሮስ በሮም እንደ ነበር የሚያውቁ መስለው ታይተውታል።

ከሐዲስ ኪዳን ውጭ ያሉትን ምስክሮች ስንሰማ የእያንዳንዱን አቅም መለየት ያስፈልጋል። በ96 አካባቢ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተላከው የቀሌምንጦስ መልእክት የጴጥሮስንና የጳውሎስን መከራ ካወሳ በኋላ «በእኛ መካከል» ስለ ተሠቃዩ ብዙዎች ይናገራል፤ ከተማውን በግልጽ ባይጠራም አቅጣጫው ያመለክታል። አግናጥዮስ በ110 አካባቢ ለሮማውያን ሲጽፍ እንደ ጴጥሮስና እንደ ጳውሎስ እንደማያዝዛቸው ይገልጻል፤ ሁለቱ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን የተለየ ቅርበት ባይኖራቸው ንጽጽሩ ትርጉም ያጣል። በ170 አካባቢ የነበረው የቆሮንቶሱ ዲዮናስዮስ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ሁለቱ ሐዋርያት በጣልያን አስተምረው በአንድ ጊዜ ሰማዕት ሆኑ ይላል፤ ነገር ግን በዚያው ቃል የቆሮንቶስንም ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ተከሉ ይላል፤ ጳውሎስ ራሱ በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 3 የተከለው እርሱ መሆኑን ጽፎ ሳለ። በ180 አካባቢ የጻፈው ሄሬኔዎስም የሮምን ቤተ ክርስቲያን ሁለቱ መሠረቱ ማለቱ ከራሱ ከሮሜ መልእክት ጋር አይስማማም፤ ጳውሎስ ሲጽፍላቸው ቤተ ክርስቲያኒቱ ቀድማ ነበረችና። እነዚህ ምስክሮች ስለ መሥራችነት ሲናገሩ ተሳስተዋል፤ ስለ ሞቱ ስፍራ ሲናገሩ ግን ከእነርሱ በፊት የነበረውን የሚደግም ድምፅ አላቸው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ማስረጃ የተቀናቃኝ አለመኖር ነው። በጥንቱ ዓለም የሰማዕት መቃብር ክብር ነበር፤ ከተሞች ይሻሙበት ነበር። የዮሐንስ መቃብር ናቸው የተባሉ ሁለት ቦታዎች በኤፌሶን ብቻ ይነገሩ ነበር። አንጾኪያ የጴጥሮስን መንበር ትላለች፤ መቃብሩ በእኔ ዘንድ ነው ግን አላለችም። ከ451 የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ከሮም የተለዩት አብያተ ክርስቲያናትም ይህን ትውፊት አልካዱም። የእኛው ስንክሳር ሐምሌ 5 ቀን የሐዋርያትን ጾም ፍቺ ተከትሎ የጴጥሮስን ሰማዕትነት በሮም ያነባል፤ የሮምን የበላይነት ያልተቀበለች ቤተ ክርስቲያን ይህን ለመናገር የምታገኘው ጥቅም አልነበራትም።

የ25 ዓመቱ ጵጵስና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሄሮኒሞስ ጴጥሮስ በቀላውዴዎስ ሁለተኛ ዓመት፣ ማለትም በ42፣ ሮም ገብቶ 25 ዓመት እንደ ተቀመጠ ጻፈ። ይህ ከኢየሩሳሌሙ ጉባኤ፣ ከአንጾኪያው ግጭትና ከ57ቱ ዝምታ ጋር መላተሙን አይተናል። ሄሬኔዎስ ራሱ የጳጳሳቱን ዝርዝር ሲያቀርብ ኤጲስ ቆጶስነቱን መጀመሪያ የተቀበለው ሊኖስ ነው ይላል፤ ጴጥሮስን ከሐዋርያት ጋር እንጂ ከጳጳሳቱ ጋር አይቆጥረውም።

በመጨረሻ ስለ ቁፋሮው። በ200 አካባቢ ጋይዮስ የተባለ የሮም ሰው የሐዋርያቱን የድል መታሰቢያዎች በቫቲካንና በኦስትያ መንገድ ላይ ማሳየት እንደሚችል መናገሩን አውሳብዮስ አቆይቶልናል። ከ1940 እስከ 1949 በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሥር በተደረገው ቁፋሮ በአረማውያን መቃብር መካከል በ160 አካባቢ የተሠራ ትንሽ መታሰቢያ ተገኘ፤ ከጋይዮስ ቃል ጋርም በደንብ ይገጥማል። ሆኖም መታሰቢያው የሚያሳየው የሁለተኛው ክፍለ ዘመን ክርስቲያኖች የት ይሰበሰቡ እንደ ነበር ነው። በ1968 ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ የሐዋርያው አጥንት ታውቋል ብለው ቢያስታውቁም፣ አጥንቶቹ ከመታሰቢያው አጠገብ ካለ ግድግዳ ውስጥ እንጂ ከመቃብሩ አልጋ ላይ የተገኙ ስላልሆኑ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ የኔሮን ዘመኑ ሞት በሮም የሚጸናው ግን በአጥንቶቹ ላይ ስላልሆነ፣ ክርክሩ በየትኛውም በኩል ቢፈታ አይናጋም።