ያለቀ ክር እንዴት ይቀጠላል?

ዳንቴል የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። የሶፋው መደገፊያ፣ የቴሌቪዥኑ አናት፣ የጠረጴዛው ገጽ ዳንቴል ለብሶ እያየን ነው ያደግነው። ነገር ግን አንዱ ጥቅል ክር ሲያልቅ ሌላው እንዴት እንደሚቀጠል ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? እኛ አናውቅም ነበር። ባለማወቃችን የተጎዳችው ደግሞ አንዲት ተማሪ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማስተማር ልምምድ ጊዜ ለአራት ሆነን የእጅ ሥራ እንድናስተምር ተመደብን። ልጆቹ ክር ሲያልቅባቸው «እሰሩትና ቀጥሉ» አልናቸው። የተረፈውንም ጭራ «እንዲያምር» ብለን ከሥሩ በመቀስ አስቆረጥናቸው። ከሳምንት በኋላ አንዷ ተማሪ ለእናቷ የሠራችውን የብርጭቆ ማስቀመጫ ይዛ መጣች። እናትየዋ አንድ ጊዜ ብታጥበው ቋጠሮው ተፈቶ ጠርዙ ተተርትሯል። ልጅቷ አላለቀሰችም። «እንዳላችሁኝ ነው እኮ ያሰርኩት» ብቻ አለችን። እኛም መልስ አጣን።

ከመካከላችን የአንዱ አክስት አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቃሪያ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ገበያተኛ ሲጠፋ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ዳንቴል ይሠሩ ነበር። እንደሚታወቀው የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሯል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ብዙ ቤቶች ሲነሡ እሳቸውም ሰፈር ቀየሩ። ኪሮሻቸው ግን አብሯቸው ሄዷል። ቅዳሜ ዕለት የተተረተረውን ዳንቴል ይዘን ቤታቸው ሄድን። አገላብጠው አዩትና፣ «ልጆቼ፣ ይሄ ማሰር ነው እንጂ መቀጠል አይደለም» አሉን። ከዚያም አሳዩን። የተማርነውን በተራ እናቅርብ።

አንደኛ፣ ክሩ ጨርሶ እስኪያልቅ አይጠበቅም። አንድ ስንዝር ያህል ሲቀር መቀጠል ይገባል።

ሁለተኛ፣ ቦታ ይመረጣል። ዳንቴል ክፍት የሆነ ዐይንና ጥቅጥቅ ያለ ሥፍራ አለው። ክሩ የሚቀጠለው ጥቅጥቅ ባለው ላይ ነው። ክፍት ዐይን ላይ ቢቀጠል መደበቂያ የለውም።

ሦስተኛ፣ ኪሮሹ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀለበቶች ሲቀሩ አሮጌው ክር ይለቀቃል፤ አዲሱ በኪሮሹ አፍ ተይዞ በሁለቱም ውስጥ ተስቦ ይወጣል። ያን ጊዜ አዲሱ ክር ሥራውን ተረከበ ማለት ነው።

አራተኛ፣ የሁለቱም ክሮች ጭራ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተውና ከሥራው ጠርዝ ጋር አብሮ ይያዛል። ቀጣዩ ረድፍ በላዩ ላይ እየተሠራ ይሸፍነዋል። የተረፈ ካለ በመርፌ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተሰክቶ ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። የኛ ጥፋት እዚህ ላይ ነበር። የዳንቴል ክር ለስላሳና አንሸራታች ስለሆነ ጭራው ከሥሩ የተቆረጠ ቋጠሮ ውሃ ሲነካውና ሲታሽ ሾልኮ ይፈታል።

ታዲያ ቋጠሮ ጨርሶ አያስፈልግም ማለት ነው? ይህንኑ ብንጠይቃቸው «እሱን ሸማኔ ጠይቁ» አሉን። እኛም ሽሮ ሜዳ ወጣን። እዚያ እንደተረዳነው ድርና ማግ አቀጣጠላቸው ለየቅል ነው። ድር ተወጥሮ የሚውል ክር ነው። ሲበጠስ ውጥረቱን የሚችል ቋጠሮ ይሻል፤ ቋጠሮውም በጠባቡ ቀዳዳ ሳይያዝ እንዲያልፍ ትንሽ መሆን አለበት። አሠራሩም የአንዱን ክር ጫፍ አጥፎ ቀለበት ማድረግ፣ ሌላውን ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ ማውጣት፣ ከቀለበቱ አንገት ኋላ ማዞር፣ በመጨረሻም በራሱ ሥር አሳልፎ ማጥበቅ ነው። ማግ ግን አይታሰርም። በመወርወሪያው ውስጥ ያለው ቀሰም ሲያልቅ የአዲሱ ክር ጫፍ ካለቀው ጫፍ ጋር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ ይገባል፤ ድሩ አንድ ላይ ይዞ ያስቀራቸዋል።

በውጭ አገርም ዘዴው ከዚህ አይርቅም። በአውሮፓ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በተለይ በቬኒስና ዛሬ ቤልጂየም በምንለው አገር፣ በኪሮሽ ሳይሆን ክር በተጠቀለለባቸው ትንንሽ እንጨቶች የሚሠራ ዳንቴል አለ። ሠራተኛዋ ትራስ ላይ ስፒል ትሰካና እንጨቶቹን ጥንድ ጥንድ እያደረገች ታጠላልፋለች። የአንዱ እንጨት ክር ሊያልቅ ሲል አዲሱ ከጎኑ ይደረግና ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ እንደ አንድ ክር አብረው ይሠራሉ፤ ከዚያ አሮጌው ይወጣል። ሁለት ቁራጭ ዳንቴል ለማጋጠም ደግሞ ቀጭን መንጠቆ በስፒሉ ቀዳዳ ገብቶ ክሩን እንደ ቀለበት ይስባል፤ ሌላው እንጨት በቀለበቱ ያልፍና ይጠብቃል። ይህ ሙያ በስሎቬኒያ እስከ ዛሬ ስላለ ዩኔስኮ በ2018 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

እንግዲህ የተወጠረ ካልሆነ በቀር፣ አዲስ ክር የሚጸናው ከአሮጌው ጋር ጥቂት መንገድ አብሮ ሲሄድ ነው። ይህ ለትምህርት አሰጣጣችንም ይሠራል። የትናንቱን ትምህርት ከሥሩ ቆርጠን አዲሱን ብናስርበት በመጀመሪያው ፈተና ይተረተራል።

ወደ ክፍሉ ተመልሰን «ያስተማርናችሁ ስሕተት ነበር» አልን። ለመናገር ከብዶን ነበር፤ ልጆቹ ግን በጸጥታ አዳመጡን። ከዚያች ተማሪ ጋር ከቅጥያው በኋላ የተሠሩትን ሦስት ዙሮች ተርትረን በዚያው ክር እንደገና አስጀመርናት። በሚቀጥለው ሳምንት ታጥቦ፣ ተተኩሶ መጣ። ቅጥያው የት እንደሆነ ፈልገን አጣነው።

ሌላ ዘዴ የምታውቁ መምህራንና ጓደኞቻችን በዚሁ ግድግዳ ላይ ጽፋችሁ ብታስተምሩን ደስ ይለናል።