ያላየነው ዝናብ
(በራዲዮ ከተሰጠው ንግግር)



በጨርጨር ደጋ የሚኖር ሰው ደመናው በተራራው ራስ ላይ ሲከመር ዘወትር የሚያይ ስለ ሆነ፣ ስለ ዝናብ የሚነግረው አያሻውም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያደርሰው ሌላው ሰው ያየው፣ እኛ ያላየነው ዝናብ ነው። ከጭሮ፣ ማለት ከአሰበ ተፈሪ፣ በስተሰሜን ባለው ቁልቁለት ውሃው ሲንደረደር፣ በሚኤሶ ሜዳ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሊውል ይችላል። መንገደኛውም ደረቁን የአሸዋ ወንዝ ያለ ሥጋት ይገባበታል።

ከዚሁ የተራራ ሰንሰለት ሥር ያለችው ድሬዳዋ ለዚህ ምስክር ናት። በ1998 ዓ.ም. ለሐምሌ 30 አጥቢያ፣ በደጋው የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በእንቅልፍ ላይ የነበረውን ሕዝብ አጥለቀለቀው፤ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞተ። ለተኙት ሰዎች ወሬው ሳይደርሳቸው ውሃው ደረሰባቸው።

ወሬን ከውሃ የሚያስቀድም መሣሪያ ዛሬ በእጃችን አለ። ሜቴዎሳት የተባለው ሳተላይት የአፍሪካን ደመና በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የአየሩን ትንበያ ያወጣል፤ ራዲዮ ያሰማዋል። ይሁን እንጂ ትንበያ ስለ ሰፊ አገር የሚናገር እንጂ የትኛው ወንዝ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ለይቶ የሚያስታውቅ አይደለም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ስልክ ነው። ይኸውም በላይኛው ቀበሌ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ባየ ጊዜ፣ በታችኛው ወረዳ ላለው ባልደረባው ወዲያው የደወለለት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ክረምት ሳይገባ መያዝ ያስፈልጋል።

መስመሩ ተጨናንቆ ድምፅ እንቢ ሲል አጭር መልእክት ሊያልፍ ይችላል። መብራት ሲጠፋ የስልኩ ምሰሶ በባትሪ የሚሠራው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ከቤት አይጥፋ። ኤፍ ኤም በተራራ በተከለለ ሸለቆ ይደክማል፤ መካከለኛው ሞገድ ግን የምድርን ገጽ ተከትሎ ይሻገራል። በዚሁ ሞገድ ላይ የሚሰማው ድንገተኛ መንኳኳት ብዙውን ጊዜ መብረቅ መኖሩን ያስታውቃል፤ እየበዛ የሄደ እንደ ሆነ ዶፉ እየቀረበ ይሆናል።

ለሥራ ወደ መሰላ ወይም ወደ ጡሎ የሚጓዝ ባለሥልጣንም ከመነሣቱ በፊት ከወንዙ በላይ ላለ ሰው ይደውል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈሳሽ ውሃ አብዛኛውን መኪና አንሥቶ ይወስዳልና፣ ወንዙ ሞልቶ ከተገኘ ሾፌሩን «እለፍ» ብሎ ማዘዝ አይገባም።