ጥሩ ዕቃ ደላላ አይሻምን? የጥበብ ሰው ስለ ሽያጭ የሚያምነው ተረትና እውነታው

ኅዳር ገብቶ የመተማ ቆላ ሰሊጥ ከየሂላው (ከየነዶው ክምር) እየተራገፈ በማዳበሪያ ወደ ሸሕዲ ከተማ መጫን ሲጀምር፣ ከአንድ መጋዘን ደጃፍ ቆሞ ሻጭና ገዢ ሲገናኙ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ስለ ሽያጭ ከብዙ መጻሕፍት የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ገዢው ስለ ዋጋ ቃል ሳይተነፍስ እጁን እስከ ክርኑ ወደ ማዳበሪያው ይሰድዳል፤ ከሥሩ ጭብጥ ሙሉ አውጥቶ በመዳፉ ላይ ይዘረጋውና እፍ ብሎ ገለባውንና አፈሩን ይለያል፤ ጥቂት ፍሬ ወደ አፉ ጥሎ ያኝካል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ከየት እርሻ እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ታጨደ፣ ዝናብ አግኝቶት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሻጩም ቢሆን ዝም ብሎ አይመረመርም፤ የገዢው መኪና ዛሬ ይነሣ እንደ ሆነ፣ ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደ ጎደለው፣ ገንዘቡ በእጅ ይሁን በባንክ በዘወርዋራ ይጠይቃል። ሁለቱም ከመናገር ይልቅ በመመርመር ላይ ናቸው።

ይህን ያነሣሁት፣ በዘመናችን የኮምፒዩተርን ጥበብ ተምረው የራሳቸውን ድርጅት ለማቋቋም የሚነሡ ወጣቶች በርከት እያሉ፣ አብዛኞቹም ሥራቸው ሳያንስ ሽያጭን በመፍራትና በመናቅ ብቻ ሲሰናከሉ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው። ፍርሃቱም ንቀቱም የሚመነጩት እንደ እውነት ከተያዙ ጥቂት ተረቶች ነው።

የመጀመሪያውና ሥር የሰደደው ተረት «ጥሩ ዕቃ ደላላ አይሻም» የሚለው ነው። የዕቃው ጥራት ለባለሙያው በግልጽ ስለሚታየው፣ ለሌላውም እንደ ፀሐይ የሚያበራ ይመስለዋል። ታሪክ ግን እንዲህ አይመሰክርም። በአሜሪካ ኦቤድ ሐሲ የተባለው ሰው የእህል ማጨጃ መኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1833 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሳይረስ ማኮርሚክ የራሱን ያስመዘገበው ከእርሱ በኋላ በ1834 ነበር፤ ገበያውን የወረሰው ግን ማኮርሚክ ነው። ማኮርሚክ መኪናውን በገበሬው ማሳ ላይ በገበሬው ፊት አሳጨደ፤ ዋጋውን ቁርጥ አድርጎ በጽሑፍ ዋስትና ሰጠ፤ ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው ከመከር በኋላ መሆኑን ስላወቀም፣ ቀሪውን ክፍያ ከመከር በኋላ እንዲከፍል ፈቀደለት። በ1847ም ፋብሪካውን ወደ ሰፊው የስንዴ ምድር ቀረብ አድርጎ ቺካጎ ላይ ተከለ። እነዚህ ሁሉ የገበሬውን ሥጋት አንድ በአንድ ከሥር የሚነቅሉ መልሶች ነበሩ፤ መልሱም የተገኘው ሥጋቱን አስቀድሞ በማወቅ ነው።

ስለ ደላላም ቢሆን ያለን አስተሳሰብ መታረም ይገባዋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያን መሥርተው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ያስጀመሩት የኢኮኖሚ ምሁር እሌኒ ገብረ መድኅን፣ ከዚያ አስቀድመው ዓመታት የፈጀ ምርምር ያደረጉት በእህል ነጋዴዎችና በደላሎች ላይ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናታቸው እንዳሳዩት፣ ነጋዴው ደላላን የሚፈልገው፣ በማያውቀው አገር የሚታመን ገዢ ወይም ሻጭ ለማግኘት የሚፈጀውን ድካምና ወጪ ስለሚያሳጥርለት ነው። ገበያን አዲስ አድርጎ ለመሥራት የተነሣ ሰው፣ ሌላው የሚንቀውን የደላላ ሥራ ቁጭ ብሎ ማጥናቱን እኔ እንደ ታላቅ ትሕትናና እንደ ታላቅ ጥበብ እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ተረት ሽያጭ የአንደበት ጸጋ ነው፤ ከእናት ማኅፀን ይዘውት የሚወለዱት እንጂ የሚማሩት አይደለም ይላል። አባቶቻችንም በምሳሌያዊ አነጋገራቸው ባል የምትመርጠዋን ሴት፣ ከብት ካለው ይልቅ አፍ ያለውን አስመርጠዋታልና፣ ዝምተኛው መሐንዲስ ይህን ይዞ ራሱን ከገበያ ቢያገልል አይፈረድበትም። ነገር ግን እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ኒል ራክሃም ከባልደረቦቹ ጋር ወደ 35,000 የሚደርሱ የሻጭና የገዢ ግንኙነቶችን ተከታትሎ በ1988 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ባወጣው ውጤት፣ በትልልቅ ሽያጮች የሚሳካላቸው ብዙ የሚናገሩት ሳይሆኑ ብዙ የሚጠይቁት፣ ያውም ገዢው ስለ ችግሩና ችግሩ ስላስከተለበት ጉዳት እንዲናገር የሚያደርጉት መሆናቸውን አረጋግጧል። «በል ዛሬውኑ ቁረጥ» እያሉ ገዢን ማጣደፍም፣ በርካሽ ዕቃ ላይ ቢያዋጣ እንኳ በውድ ነገር ላይ ሽያጩን እንደሚያበላሽ አሳይቷል።

አሁን የሰሊጥ አጫጆችን የቀን ሒሳብ በስልክ የሚይዝ ሶፍትዌር የሠራ ወጣት፣ በሸሕዲ አንድ ባለ ሰፊ እርሻ ዘንድ ሄደ እንበል። እንደ ልማዱ ቢሆን ስልኩን አውጥቶ የሥራውን ረቂቅነት ይተርክ ነበር፤ ባለ እርሻውም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ካቦው በደብተር ይይዝልኛል» ብሎ ይሸኘው ነበር። ይልቁንስ እንዲህ ቢነጋገሩስ?

«ጋሼ፣ ባለፈው አጨዳ ከሁሉ ያስቸገረዎ ምን ነበር?»

«የሰው ነገር ነዋ፣ ልጄ! ከደጋ ያመጣሁት ሠራተኛ፣ እዚያ ማዶ ዋጋ ተጨመረ ሲሉት ሌሊቱን ጥሎኝ ሄደ።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሌላ ሰው እስካገኝ አምስት ቀን ቆየሁ። ሰሊጡ ቆሞ አፉን ከፈተ፣ ፍሬው መሬት ላይ ፈሰሰ።»

«የፈሰሰው ስንት ኩንታል ይሆናል ብለው ይገምታሉ?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ዝም ብለው በጣታቸው መቁጠር ይጀምራሉ፤ ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረምና። ወጣቱም በዚያች ሰዓት ታላቅ ነገር ይማራል፦ የባለ እርሻው ሕመም የሒሳብ ስሕተት ሳይሆን፣ በየትኛው ቀን በየትኛው ማሳ ላይ ስንት እጅ እንዳለ አለማወቅና ሠራተኛን የማቆየት ጭንቀት ነው፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ መለወጥ አለበት። ብልሹ መኪና የሚጠግን ሰው ድምፁን ሰምቶ፣ መቼ እንደ ጀመረው ጠይቆ፣ አንዱን ምክንያት ከሌላው እየለየ ወደ ሥሩ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ሻጭም እንዲሁ ይወርዳል። የጥበብ ሰው ይህን ልማድ በእጁ ይዞት ሳለ፣ ተሰጥኦ የለኝም ማለቱ ራሱን መበደል ነው።

ሦስተኛው ተረት መሸጥ ማታለል ነው፣ የተማረንም ሰው ያዋርዳል የሚል ነው። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያሻም፤ ንቀቱ የት እንደ ተወለደ ግን ማወቅ ይገባል። በቀድሞው ዘመን ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ነጋዴው «መጫኛ ነካሽ» እየተባሉ በአንድነት ይሰደቡ ነበር፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሠራው ሥራ መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። እንግዲህ የዛሬው መሐንዲስ የዚያ የተሰደበ ብረት ቀጥቃጭ ወራሽ ሆኖ ሳለ፣ አብሮት የተሰደበውን ነጋዴ መናቁ ምን ይባላል? በወንጌል ምሳሌ መልካም ዕንቍ የሚፈልገው ሰው ነጋዴ እንደ ነበረም እናስታውስ። በእርግጥ የሚያታልል ሻጭ አለ፤ በሸሕዲ ግን ከማዳበሪያው ሥር አፈር የደበቀ ሰው በሚመጣው ኅዳር ማን ያምነዋል?

ከዚህ የሚከተለው ተረት፣ ሽያጩን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በኮምፒዩተሩ ዘንድ መቀመጥ ይቻላል የሚለው ነው። ኋላ ይቻላል፤ በመጀመሪያ ግን አይቻልም። የራይድን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት የመሠረተችው ሳምራዊት ፍቅሩ ራሷ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት፤ ይሁን እንጂ አገልግሎቱ በዘመናዊው ስልክ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ ስልኩ ተራ የሆነ ሰው እንኳ በ8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ ይችላል። ደንበኛው በእጁ ምን ዓይነት ስልክ እንደ ያዘ የማያውቅ ባለሙያ ይህን በር ክፍት መተውን ከወዴት ያስባል? የተቀጠረ ሻጭ ደንበኛው እንቢ ማለቱን ያመጣለት ይሆናል እንጂ፣ እንቢ ከማለቱ በፊት ፊቱ መቼ እንደ ተለወጠ አያመጣለትም።

ለገበሬ በሚሸጥ ነገር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እውነት አለ። በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ራያንና ግሮስ የተባሉ ሁለት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁራን፣ ገበሬዎች ድቅል የበቆሎ ዘርን እንዴት እንደ ተቀበሉ መርምረው በ1943 እ.ኤ.አ. እንዳወጡት፣ ወሬውን አስቀድሞ ያመጣው ሻጩ ነበር፤ ልብን ያሳመነው ግን ጎረቤት ነው። እንግዲህ ወጣታችን በመቶ ደጅ ከመዞር በፊት፣ በአንድ ቀበሌ የሚከበሩ ሦስት አራት ሰዎችን በሙሉ ልቡ ቢያገለግል ይሻለዋል።

ጊዜውንም ይምረጥ። በጥቅምት ወደ ማሳ ቢሄድ፣ ሰሊጡ አፉን ሊከፍት ቀን የሚቆጠርለት ባለ እርሻ ለሰላምታም አይቆምለትም። በኅዳር በመጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ይመልከት፣ ይስማ፣ ይጻፍ። ጥርና የካቲት ሲሆን፣ ሰሊጡ ተሸጦ፣ ዕዳው ተከፍሎ፣ የጎደለው ገና ከልብ ሳይጠፋ፣ ስልኩን በኪሱ ደብተሩን በእጁ ይዞ ወደ ባለ እርሻዎቹ ይሂድና፣ ስንት ኩንታል እንደ ፈሰሰባቸው ይጠይቃቸው።