ያልተጻፈ ብድርና የሚቀነስ ደመወዝ

በቅርቡ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለሽምግልና ካትሌሆንግ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ካትሌሆንግ ከጆሃንስበርግ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለች፣ ብዙ ወገኖቻችን ሱቅ ከፍተው የሚሠሩባት ሎኬሽን ናት። ጠበኞቹ የአንድ አገር ልጆች ሲሆኑ አንዱ ባለሱቅ፣ ሌላው ሠራተኛው ነው። ባለሱቁ 60 ሺህ ራንድ የመንገድ ወጪ ከፍሎ ልጁን አስመጣው፤ ከደመወዙም በየወሩ 2 ሺህ ሲቀንስ 30 ወር ሆነው።

«ጋሼ፣ ዕዳዬን ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ሙሉ ደመወዜን ይስጡኝ» አለ ልጁ። ባለሱቁ ደግሞ ሱቁ ሲዘረፍ የጠፋውን 20 ሺህ፣ የስልክ 2 ሺህና የሕክምና 3 ሺህ ደምሮ «ገና 25 ሺህ ይቀርሃል» አለ። ደብተር ብንጠይቅ የለም። እኔ መሐንዲስ ነኝና ሂሳቡን እንድሠራ ወረቀቱ ወደ እኔ ተገፋ፤ ነገር ግን ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይደመራል? ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጥተን ተለያየን። በመካከሉ ማታ ማታ የአገሩን ሕግ አገላበጥኩ። ያገኘሁት ለብዙዎቻችን ይጠቅማልና እነሆ። (ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ፣ በደቡብ አፍሪካ የቃል ብድር ብድር ነው፤ ወረቀት ስለሌለ ብቻ አይፈርስም። በአገራችን ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። እዚህ ምስክርም፣ የስልክ መልእክትም ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ብድር መኖሩ አንድ ነገር፣ ከደመወዝ መቀነስ ሌላ ነገር ነው። የ1997ቱ የመሠረታዊ የሥራ ሁኔታዎች ሕግ አንቀጽ 34 ሠራተኛው ዕዳው ተለይቶ በተገለጸበት ጽሑፍ ካልተስማማ፣ ወይም ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የግልግል ውሳኔ ከሌለ፣ አሠሪው ከደመወዝ ምንም መቀነስ አይችልም ይላል። ለጠፋ ዕቃማ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ጥፋቱ የሠራተኛው መሆን አለበት፣ ራሱን የመከላከል ዕድል ማግኘት አለበት፣ ቅነሳውም ከደመወዙ ሩብ መብለጥ የለበትም። በመስከረም 2019 በካትሌሆንግ የውጭ ዜጎች ሱቆች ሲዘረፉ እንዳየነው፣ ሕዝብ ገንፍሎ ለዘረፈው ዕቃ ቆጣሪ ላይ የቆመው ልጅ ምን ጥፋት አለው?

ባለሱቆችም ልትሰጉ ይገባል። ተራ ዕዳ በሦስት ዓመት በይርጋ ይታገዳል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2017 እንደወሰነው፣ በተጠየቀ ጊዜ የሚከፈል ብድር ውሉ በግልጽ ሌላ ካላመለከተ ይርጋው ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ተበዳሪው ዕዳውን ሲያምን ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ያመነበት ወረቀት ከሌለ ግን በምን ይታወቃል? ከዚህም በላይ ገንዘቡ ለሕገ ወጥ ደላላ የተከፈለ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ብድሩን ላያስከብረው ይችላል።

«ፈቃድ ስለሌለው የት ይከሰኛል?» የሚልም አይጠፋም። የሥራ ፍርድ ቤት በ2008 የሥራ ፈቃድ የሌለው የውጭ ዜጋም በሕግ ፊት ሠራተኛ መሆኑን ወስኗል፤ ስለዚህ ሲሲኤምኤ ወደሚባለው የአሠሪና ሠራተኛ አስታራቂ ኮሚሽን መሄድ ይችላል። ያላግባብ የተባረረ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ሰውን በዕዳ አስሮ ማሠራት ደግሞ በ2013ቱ የሰዎች ንግድ መከላከያ ሕግ ወንጀል ነው። ማብቂያው የማይታወቅ ዕዳ፣ ፓስፖርት ከተያዘበት ሰው ጋር ሲገናኝ፣ «ዘመዴን ረዳሁ» በሚል ብቻ አይታለፍም።

መድኃኒቱ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የተሰጠው ገንዘብ፣ ቀኑ፣ ምክንያቱ፣ በየወሩ የሚቀነሰውና የሚያልቅበት ወር ተጽፎ ሁለቱም በሚረዱት ቋንቋ ይፈረም፤ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅጂ ይድረስ። በየወሩም ቀሪው ይጻፍ። ሠራተኛው ወረቀት ቢከለከል ቢያንስ «ዛሬ 2 ሺህ ተቀንሷል፣ ይህን ያህል ቀረኝ» ብሎ ለአሠሪው በስልክ መልእክት ይላክ።

በሁለተኛው እሑድ ይህንኑ ነገርኳቸው። ባለሱቁ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ የዘረፋውን 20 ሺህ ተወ። ልጁም የስልኩንና የሕክምናውን 5 ሺህ አመነ፤ በየወሩ አንድ ሺህ፣ በአምስት ወር እንዲያልቅ ተጽፎ ተፈረመ። ባለሱቁ ሲሸኘኝ «ያኔ ወረቀት አምጣ ብለው ዘመዴን የጠረጠርኩት ይመስለኝ ነበር» አለኝ። አበው ግን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። መጻፍ ዘመድን መጠርጠር አይደለም፤ እንዲያውም ዝምድናውን ከገንዘቡ ማዳን ነው።

ቸር ይግጠመን።