እርሳስና ሰም፦ በቤት የተሠራ አረር ለዓመታት የሚቆየው እንዴት ነው?

በአሜሪካ ጥይታቸውን ራሳቸው መልሰው የሚሞሉ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስበው ያጸዳሉ፤ አዲስ ማቀጣጠያ፣ ባሩድና አረር ይገጥሙለታል። ከእነዚህ ውስጥ አረሩንም ከእርሳስ አቅልጠው በቅርጽ የሚያወጡ አሉ። ሥራው ሙቀትና ጊዜ ስለሚጠይቅ በአንድ ወቅት ብዙ አውጥቶ፣ ቅባት ቀብቶ፣ ቀስ እያሉ መጠቀም የተለመደ ነው። ስለዚህ ቅባት የተቀባ አረር ሳይበላሽ ስንት ዓመት ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ዘወትር ይነሳል። የዘርፉን ልምድና ኬሚስትሪ አንድ ላይ ያየ ሰው የሚደርስበት መልስ ግልጽ ነው። እርሳስ ራሱ ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል፤ የሚያበላሸው የተቀመጠበት ዕቃና የተቀባው ቅባት ነው።

ልማዱ አሮጌ ነው። ጆን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1884 በኒው ሄቨን፣ ኮነቲከት ያቋቋመው አይዲያል ኩባንያ የአረር ማውጫ ቅርጾችንና የመሙያ መሣሪያዎችን ለተራው ተኳሽ አዳረሰ። በ1925 ኩባንያውን የገዛው ላይማን ዛሬም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። በ1976 ደግሞ የእርሳስ አረር ተኳሾች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ2013 እና ከ2020 በኋላ በአሜሪካ ገበያ ጥይት በጠፋ ጊዜ ብዙዎች ወደዚህ ሙያ ዞረዋል፤ ብዙ አውጥቶ የማስቀመጡ ፍላጎትም አብሮ ጨምሯል።

አረሩ ቅባት የሚያስፈልገው እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ነው። በአፈሙዝ ውስጥ በፍጥነት ሲያልፍ እየተፋቀ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ጠመንጃው ዒላማውን መሳት ይጀምራል። ይህን ለመከላከል በአረሩ ወገብ ዙሪያ ቦይ ይወጣና ቦዩ በቅባት ይሞላል። ቅባቱ የምን መሆን አለበት የሚለው ክርክር ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ የእንግሊዝን ጦር ያናወጠው አመፅ የተቀጣጠለው በኤንፊልድ ጠመንጃ ጥይት ቅባት ወሬ መሆኑን ብዙ አንባቢ ያውቃል። የጥይቱ ወረቀት የላምና የአሳማ ሞራ ተቀብቷል መባሉ ሂንዱውንም ሙስሊሙንም አስቆጣ። ከሃይማኖቱ ጉዳይ ጎን ሌላ ችግር ነበረ፤ እምብዛም አይወራለትም። ሞራ ሲቆይ፣ በተለይ በሞቃት አገር፣ ይበላሽና አሲድ ይወጣዋል። አሲዱ እርሳሱን ይበላል፤ በአረሩ ላይ የሚፈጠረው ቅርፊትም ልኩን ያሳድገዋል። ከአፈሙዝ በኩል ለሚጎረስ ጠመንጃ ይህ ትልቅ እንቅፋት ነበር። የንብ ሰም እየተመረጠ የሄደው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

የንብ ሰም በጊዜ ብዛት እምብዛም አይለወጥም። ከጥንት የግብፅ መቃብሮች የወጣ ሰም ዛሬም ሰም መሆኑ ይታወቃል። አገራችን ከአፍሪካ ቀዳሚ የማርና የሰም አምራቾች አንዷ በመሆኗ የጧፍ ሰም የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን መለኪያ ሆኖ የኖረው ቅባት ግማሹ የንብ ሰም፣ ግማሹ አሎክስ የተባለ ከነዳጅ ዘይት ተረፈ ምርት የሚሠራ የዝገት መከላከያ ነው። ያስተዋወቀውም የአገሪቱ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር መጽሔት ነበር። የሰም ድክመቱ ሙቀት ነው። ንጹሕ የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ዘይት ሲቀላቀልበት ከዚያ በታች ይለሰልሳል። በበጋ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪናና ከጣሪያ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ለዚህ ቅባት የማይሆኑ ቦታዎች ናቸው። በተቃራኒው ጠንካራ ሰም የበዛበት ቅባት በብርድ ይሰነጠቅና ከቦዩ ተፈልፍሎ ይወድቃል። እንዲህ ያለው አረር አይጣልም፤ አሮጌው ቅባት ተጠርጎ አዲስ ይቀባል።

አሁን ወደ ዋናው ጠላት እንምጣ። አዲስ የወጣ እርሳስ ያብለጨልጫል፤ ጥቂት ቆይቶ ይደበዝዛል። ይህ መደብዘዝ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም የውስጡን ብረት ይጠብቃል። አደጋው ነጭ ዱቄት ሲታይ ነው። በድሮ ዘመን ደች ሰዎች ነጭ ቀለም ለመሥራት እርሳስን ኮምጣጤ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርገው በፍግ ይቀብሩት ነበር። የኮምጣጤው ትነት፣ ከፍጉ የሚወጣው ሙቀትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በወራት ውስጥ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጡታል። ማንም ሳያስበው በቤት መሳቢያ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። የኦክ እንጨት ያንኑ የኮምጣጤ አሲድ ሳያቋርጥ ይተነፍሳል። የሙዚየም ባለሙያዎች የእርሳስ ቅርሶች በኦክ ሣጥን ውስጥ ነጭ ዱቄት ሆነው ስላገኟቸው ሣጥኑን መቀየር ተምረዋል። ርካሽ ካርቶን፣ አንዳንድ ማጣበቂያና ያልደረቀ ቀለምም አሲድ ይተነፍሳሉ። እርጥበት ሲጨመር ደግሞ ጥፋቱ ይፋጠናል። ያማረ የእንጨት ሣጥን ለአረር የሚመርጥ ሰው ሳያውቅ የሚጎዳውን ይመርጣል። በደንብ የሚገጠም ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ ቦታ ይበቃል። በአረሩ ላይ ሁሉ የተዳረሰ ስስ ቅባትም አየሩን ስለሚከለክል በቦዩ ብቻ ከተወሰነው ይሻላል። ጉዳቱ ተለጣፊ ከሆነ አቧራ መሰብሰቡ ነው፤ አቧራ ደግሞ አፈሙዝ ይሞርዳል።

ከውጭ የማይታይ ለውጥም አለ። አብዛኛው አረር ንጹሕ እርሳስ አይደለም። ላይማን ቁጥር 2 የተባለው ቅይጥ 90 በመቶ እርሳስ፣ 5 በመቶ ቆርቆሮና 5 በመቶ አንቲሞኒ ነው፤ በብሪኔል መለኪያ ጥንካሬው 15 ገደማ ሲሆን የንጹሕ እርሳስ 5 ነው። አንቲሞኒ ያለበት አረር ከቅርጹ እንደወጣ ውሃ ውስጥ ከተጣለ በቀናት ውስጥ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከወራትና ከዓመታት በኋላ ግን ቀስ በቀስ ይለሰልሳል። ስለዚህ አሮጌ አረር ሲወጣ ጥንካሬውን እንደገና መለካት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የተሠራበትን ቀን፣ የቅይጡን ዓይነት፣ ክብደቱንና ልኩን መጻፍም ቸል የሚባል ነገር አይደለም፤ ሳይጻፍበት አምስት ዓመት የቆየ አረር ከምን እንደተሠራ ባለቤቱም አያስታውስም።

በአሁኑ ጊዜ ሰምን እየተካ ያለው የዱቄት ቀለም ነው። አረሩ በዱቄቱ ተሸፍኖ በምድጃ ሲጋገር ጠንካራ ልባስ ይይዛል። ልባሱ በተለመደው የቤት ሙቀት አይቀልጥም፣ አቧራ አይስብም፣ እርሳሱንም ከአየር ይከልለዋል። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ብቻ ከታየ ከሰም የሚበልጥ ይመስለኛል። በጥቁር ባሩድ የሚተኩሱ ግን ሰሙን አይለቁም፤ የዚያን ባሩድ ጥላሸት የሚያለሰልሰው ቅባት ነውና።

በእኛም አገር ጥይት ለዓመታት ይቀመጥ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሕዝቡ ውጅግራ ያለው የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አረሩ በወረቀት የተጠቀለለ እርሳስ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ጤና ነው። ከእርሳስ ላይ የሚረግፈው ነጭ ዱቄት ከጠጣሩ ብረት ይልቅ በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2021 ለሕፃናት ደም ያወጣው የማመሳከሪያ መጠን በዴሲሊትር 3.5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ነጭ ዱቄት የያዘውን አረር በደረቁ አትጥረጉት፤ ዱቄቱ ይበናል። ጓንት አድርጋችሁ በከረጢት እሰሩትና የእርሳስ ቆሻሻ ለሚቀበል አካል አስረክቡ። ዕቃውን ከማዕድ ቤት አርቁ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት፣ በነካችሁት ቁጥር እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።